ፎስፌት በአፈር ውኃ ውስጥ ምን ያህል ይጓዛል?

አንድ ገበሬ ከማኅበሩ በብድር የወሰደውን ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ በማሳው ላይ በትኖ ሰብሉ እንደታሰበው ሳይሆን ሲቀር፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በማዳበሪያው ጥራት ይሳበባል። ጥራቱ የሚያጠራጥርበት ጊዜም አይጠፋም። ይሁን እንጂ አስቀድሞ ማዳበሪያው የት እንደወደቀ መጠየቅ ይገባል። ለዚህም የሟሟ ንጥረ ነገር ረግቶ በቆመ ውኃ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ማወቅ ያስፈልጋል።

በውኃ ውስጥ የሟሙ ቅንጣቶች ከውኃው ሞለኪውሎች ጋር እየተጋጩ ያለማቋረጥ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። አንዱ ቅንጣት ወዴት እንደሚያመራ አይታወቅም፤ ነገር ግን ከበዙበት ቦታ የሚወጡት ወደዚያ ከሚመለሱት ስለሚበልጡ፣ በጠቅላላው ጉዞው ከበዛበት ወዳነሰበት ይሆናል። ይህ ዲፊዩዥን ይባላል። የስኮትላንዱ ኬሚስት ቶማስ ግራሃም ጨው የሟሟበትን ብልቃጥ በንጹሕ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ፣ ከቀናት በኋላ ወደ ውጭ የወጣውን ጨው በመመዘን ለክቶታል። እ.ኤ.አ. በ1855 ደግሞ ጀርመናዊው አዶልፍ ፊክ የጉዞው መጠን በሁለት ቦታዎች መካከል ካለው የክምችት ልዩነት ጋር እንደሚመጣጠን፣ ርቀቱም በጨመረ ቁጥር እንደሚቀንስ በቀመር አስቀመጠ።

ለእኛ ሥራ ዋናው ነገር ግን የጊዜና የርቀት ዝምድና ነው። ቅንጣቱ እየሄደ ስለሚመለስ፣ እጥፍ ርቀት ለመድረስ አራት እጥፍ ጊዜ ይፈጅበታል። ለምሳሌ ናይትሬት በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በንጹሕ ውኃ ውስጥ በአንድ ቀን 1.8 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በ100 ቀን ግን 180 ሳይሆን 18 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ፎስፌት በአፈር ውስጥ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። በአንድ የተለመደ የአፈር ሁኔታ ብናሰላው በቀን 0.13 ሚሊ ሜትር፣ በ100 ቀን ደግሞ 1.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይኸውም የሰብሉ ዕድሜ ሳያልቅ የአንድ ስንዴ ፍሬ ርዝመት ያህል እንኳ አይሄድም ማለት ነው።

ምክንያቱም በተለይ በጂማና በወለጋ እንደሚገኘው ባለ ኮምጣጣ ቀይ አፈር ውስጥ ያሉት የብረትና የአሉሚኒየም ውህዶች ፎስፌቱን አጥብቀው ስለሚይዙት ነው። አፈሩ ሲደርቅም ውኃው በአፈር ቅንጣቶች ዙሪያ ስስ ሽፋን ብቻ ሆኖ ስለሚቀር መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ይጠባልም።

በቤተ ሙከራ መለኪያው እንዲህ ነው። ራዲዮአክቲቭ ፎስፎረስ 32 የተቀላቀለበት አፈርና ያልተቀላቀለበት አፈር ፊት ለፊት ተገጣጥመው ይቀመጣሉ፤ ከቀናት በኋላ በስሱ እየተቆረጡ በየቁራጩ ያለው ጨረር ይቆጠራል። ጨረሩ በየ14 ቀኑ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ ሥራው ለሰነፍ አይመችም።

የልማት ሠራተኛው ግን ያለዚህ መሣሪያ ለገበሬዎች ሊያሳይ ይችላል። ወፈር ያለ የበቆሎ ዱቄት ሙቅ በብርጭቆ አድርጎ ማቀዝቀዝ፣ በላዩም የቁስል አዮዲን ጨምሮ መክደን ነው። ሙቁ የሚያስፈልገው ተራ ውኃ ከተነቃነቀ ወይም በአንድ ወገን ከሞቀ የሚለካው ዲፊዩዥን ሳይሆን የውኃው ፍሰት ስለሚሆን ነው። ጥቁር ሰማያዊው ቀለም ምን ያህል እንደወረደ በ1ኛው፣ በ4ኛውና በ9ኛው ሰዓት በማስመሪያ ይለካ። አዮዲኑ እስካላለቀ ድረስ ርቀቱ ወደ አንድ፣ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይቀርባል። ስታርቹ አዮዲኑን እየያዘ ማዘግየቱም ቀይ አፈር በፎስፌት ላይ የሚያደርገውን ያስታውሳል።

እንግዲህ ማዳበሪያው ወደ ሥሩ ስለማይሄድ፣ ሥሩ የሚያገኘው ቦታ ላይ መቀመጥ አለበት። ለበቆሎ በመስመር ከዘሩ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎንና ወደ ታች ማድረግ ይበጃል፤ ከዘሩ ጋር ከተነካካ ቡቃያውን ሊጎዳ ይችላል። በመስመር ሲደረግ ከአፈሩ ጋር የሚነካካው ክፍል ስለሚያንስ የሚታሰረውም ይቀንሳል። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ኖራ መጨመር ይረዳል። ዩሪያ ግን የተለየ ነው፤ ወደ ናይትሬት ከተለወጠ በኋላ ከዝናቡ ጋር ስለሚወርድ ሰብሉ ከበቀለ በኋላም ሊጨመር ይችላል።

ማኅበራት ይህን ልዩነት በግዢ ጊዜ ሊያስቡበት ይገባል። ዘግይቶ የመጣ ዩሪያ አሁንም ይጠቅማል፤ ከዘር በኋላ የደረሰ ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ ግን በማሳው ላይ ቢበተን ፎስፌቱ ከላይ ስለሚቀር፣ ለሚቀጥለው ዘር በደረቅ መጋዘን ቢቀመጥ ይሻላል።