የመሠረት ማዕዘን በሲባጎ እንዴት ይያዛል?

ማዕዘኑ የተዛነፈ ቤት ጉዱ የሚወጣው ዘግይቶ ነው። ግንቡ ሲቆም ማንም ልብ አይለውም፤ ሴራሚክ ሲነጠፍ ግን በአንዱ ጥግ ሙሉ የገባው ረድፍ ሌላኛው ጥግ ሲደርስ ሾጥጦ ይቆረጣል። መሠረቱ ሳይቆፈር ሜትር፣ ሲባጎ፣ ችካልና ሚስማር ከያዙ ከዚህ ይድናሉ። 8 በ6 ሜትር የሆነች ቤት እንውሰድ።

በቅድሚያ የፊት ለፊቱን መስመር ያውጡ። «ሀ» የምንለውን ችካል መትተው አናቱ ላይ ሚስማር ያቁሙ፤ ልኬት ሁሉ የሚነሳው ከሚስማሩ ነው። 8 ሜትር ላይ «ለ»ን ይምቱና ሲባጎ ወጥረው ይሰሩ። ሜትሩ ሣር ወይም ጉብታ ላይ እንዳይጎብጥ ይጠንቀቁ። በሁለት ነጥብ መካከል አጭሩ ቀጥታው ስለሆነ፣ የጎበጠ ሜትር ምንጊዜም አስረዝሞ ይቆጥራል። ቦታው ተዳፋት ከሆነ ደግሞ ሜትሩን አግድም ይዘው ነጥቡን በቱንቢ ያውርዱ። በ8 ሜትር ውስጥ 1 ሜትር የሚወርድ መሬት ላይ ሜትሩን አስተኝተው ቢለኩ፣ አግድሙ 7 ሜትር ከ94 ብቻ ነው፤ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠፋ ማለት ነው።

አሁን ማዕዘኑ። ከ«ሀ» በሲባጎው ላይ 3 ሜትር፣ ወደ ጓሮ 4 ሜትር ለክተው የሁለቱ ጫፎች ርቀት ልክ 5 ሜትር ከሆነ፣ «ሀ» ላይ ያለው ቀጤ ማዕዘን ነው። 3 በ3 ዘጠኝ፣ 4 በ4 አሥራ ስድስት፤ ድምሩ 25፣ እሱም 5 በ5 ነው። በትምህርት ቤት የፓይታጎረስ ሕግ ተብሎ የተሸመደደው ይኸው ነው።

ብዙ ግንበኛ እዚህ ላይ ያበቃል፤ እኔ ግን ትንሿን ጎነ ሦስት አላምናትም። ከ5 ሜትሩ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ቢስቱ፣ ግድግዳው 8 ሜትር ሲደርስ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ይዞራል። ስለዚህ ጎነ ሦስቷን ቦታው የፈቀደውን ያህል ያስፉ። የእኛ ቤት ለዚህ ተመችታለች፦ 6፣ 8፣ 10 የዚያችው የ3፣ 4፣ 5 እጥፍ ነው። አንድ ሰው ከ«ሀ» 6 ሜትር፣ ሌላው ከ«ለ» 10 ሜትር ይወጥሩ፤ ሁለቱ ሜትሮች የተገናኙበት «ሐ» ነው። «መ»ንም ከወዲያኛው ጥግ እንዲሁ ያግኙ። ልኩ ሌላ ከሆነ የስልክዎ ካልኩሌተር ይበቃል፦ 9 በ7 ቢሆን 81 ሲደመር 49፣ 130፤ ዳግም ዘሩ 11 ሜትር ከ40 ገደማ።

ጎኖቹ እኩል መሆናቸው አያዘናጋዎት፤ የተገፋ የክብሪት ቀፎም ጎኖቹ እኩል ናቸው። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ይለኩ። አንዱ 10 ሜትር ከ4፣ ሌላው 9 ሜትር ከ96 ከመጣ፣ የጓሮዎቹን ሁለት ችካሎች አብረው 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ያንሸራቱ፤ የሚያንሸራትቱት ረጅሙ ወደሚያጥርበት በኩል ነው። ከዚያ እንደገና ይለኩ።

ቆፋሪዎች ሲገቡ የማዕዘኑ ችካሎች መነቀላቸው አይቀርም። ስለዚህ እያንዳንዱን ሲባጎ ከማዕዘኑ 1 ሜትር አሳልፈው ሌላ ችካል ላይ ይሰሩ፤ ቁፋሮው አልቆ ሲወጠሩ፣ ሁለቱ ሲባጎዎች የሚሻገሩበት ቦታ የቀድሞው ማዕዘን ነው።