የወፍ ላባ ቀለምና የካሜራ ብርሃን፦ ትምህርት ከላንጋኖ ዳርቻ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የላንጋኖ ሐይቅ ዳርቻ ወፎችን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ተማሪ አንድ እንግዳ ነገር ያጋጥመዋል። በግራር ቅርንጫፍ ላይ በሰማያዊና በአረንጓዴ ስታብረቀርቅ ያያት ወፍ በፎቶግራፉ ላይ ጥቁር ሆና ትገኛለች። ስሕተቱ የካሜራው ነውን? ወይስ የዓይን? መልሱን ለማግኘት የላባን አሠራር መመርመር ያስፈልጋል።

ሁለት ዓይነት ቀለም

የላባ ቀለም በሁለት መንገድ ይፈጠራል። አንደኛው ኬሚካዊ ነው፤ እንደ ሜላኒን ያሉ ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገሮች የብርሃኑን ከፊል መጥጠው ቀሪውን ይመልሳሉ። ሁለተኛው ፊዚካዊ ነው፤ በላባው ውስጥ በስስ ድርብርብ የተደረደሩት ኬራቲንና ሜላኒን የብርሃን ሞገዶችን ያንጸባርቃሉ። የተንጸባረቁት ሞገዶች ሲገናኙ አንዳንዱ ቀለም ይጎላል፤ ሌላው ይጠፋል። የሳሙና አረፋ ኅብረ ቀለም የሚያሳየው በዚሁ ሕግ ነው።

በላንጋኖ መዝናኛዎች ፍርፋሪ ስትለቅም የምትታየው፣ ሳይንሳዊ ስሟ ላምፕሮቶርኒስ ሱፐርበስ የሆነው ወፍ፣ ሁለቱንም በአንድ አካል ይዛለች። የሆዷ ዳማ ቀለም ከሜላኒን የሚገኝ በመሆኑ ከየትም አቅጣጫ ቢታይ አይለወጥም። የጀርባዋ ሰማያዊ ግን ብርሃኑ በሚያርፍበትና ተመልካቹ በሚቆምበት ማዕዘን ይወሰናል። ፀሐይ ከወፏ በስተኋላ ስትሆን የሚንጸባረቀው ብርሃን ወደ ካሜራው አይደርስም፤ ስለዚህ ጥቁር ትመስላለች።

በተግባር

እንግዲህ ፎቶ አንሺው ፀሐይን ከጀርባው ማድረግ ይገባዋል። በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ጠዋት ፀሐይ በውኃው በኩል ስለምትወጣ፣ ጀርባን ለሐይቁ ሰጥቶ ወደ ግራሮቹ መመልከት ይበጃል። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው የጠዋት ብርሃን ለስላሳ ነው፤ በቀትር ግን ጥላው ይከብዳል። ትናንሽ ወፎች ፈጣኖች ስለሆኑ የካሜራው መዝጊያ ለ1/1000 ሰከንድ ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ ብቻ እንዲከፈት ይደረግ።

ፎቶግራፍ እንደ ማስረጃ

አጋፖርኒስ ታራንታ የተባለው ጥቁር ክንፍ ያለው ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን በተፈጥሮ የሚኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው። የወንዱ ግንባር ቀይ ሲሆን ሴቷ ይህ ቀይ የላትም፤ ስለሆነም ግልጽ ፎቶግራፍ ጾታውን ጭምር ያስለያል። በቀቀኑ ጎጆውን የሚያደርገው በዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው። በአጎራባቹ በአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ግራር ለከሰል ሲቆረጥ ኖሯል፤ ዛፉ ሲወድቅ የወፉም ቤት አብሮ ይወድቃል።

ቀኑ፣ ቦታውና የዛፉ ዓይነት የተመዘገበበት ፎቶግራፍ ወፉ በዚያ እንደነበረ ይመሰክራል፤ ያልተመዘገበበት ግን ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ቀለሙን በኮምፒዩተር ማድመቅም ምስክርነቱን ያበላሻል። ከሁሉም በላይ ግን ለፎቶ ሲባል ጎጆ የሚሸፍኑ ቅርንጫፎችን መቁረጥ ጫጩቶቹን ለፀሐይና ለአዳኝ አሳልፎ መስጠት ነው።

መልመጃ፦ አንዲትን ወፍ ሳትሸበር ከሦስት ማዕዘን ፎቶግራፍ አንሡ። የትኛው ቀለም ተለወጠ? የትኛውስ ጸና? ምክንያቱን አስረዱ።