በበጋ ወራት ፍራፍሬን በቤት ውስጥ አቀዝቅዞ ለመጠጥ ማዘጋጀት

ለሞዴል አርሶ አደሮችና ለቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ፣ ሙዱላ

መግቢያ

በእኛ አካባቢ ሙቀቱ የሚበረታው ከጥር ጀምሮ የበልጉ ዝናብ በደንብ እስኪይዝ ድረስ ነው። በተለይ ከሙዱላ ወደ ኦሞ ወንዝ በሚወርዱት ቆላማ ቀበሌዎች ቀትር ላይ መሥራት ያስቸግራል። በዚህ ወቅት ከማሳ የተመለሰ ሰው የሚያምረው ቀዝቃዛ ነገር ነው። ብዙዎቻችሁ ግን በጓሯችሁ ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያና ሙዝ እያለ ለልጆቻችሁ ከሱቅ ለስላሳ ትገዛላችሁ። ማንጎው ደግሞ በአንድ ጊዜ ይበስልና ከፊሉ ዛፍ ሥር ወድቆ ይበሰብሳል፤ ከፊሉ ደላላው በቆረጠው ዋጋ ይሄዳል።

የዚህ ትምህርት ዓላማ ይህን ፍራፍሬ በቤት ውስጥ አቀዝቅዞ ማቆየትንና ለመጠጥ ማዋልን ማሳየት ነው። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ከባዱ ንጽሕናው ነው። ስለዚህ ከአሠራሩ በፊት ስለ ውሃው እንነጋገራለን።

ቅዝቃዜ ጀርም አይገድልም

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቀበሌ የመስክ ቀን አዘጋጅተን ነበር። የማንጎና የአቮካዶ ጁስ ተጨመቀ፤ ፍራፍሬው ከአርሶ አደሩ ማሳ በዚያው ጠዋት የተለቀመ፣ የታጠበ፣ ምንም የማይወጣለት ነበር። ቀኑ ሞቃት ስለነበር አንዱ ባልደረባችን ከከተማ በረዶ ገዝቶ አመጣና ጁሱ ውስጥ ጨመርነው። ሁላችንም እያመሰገንን ጠጣን። በማግስቱ ከጠጡት ብዙዎቹ፣ እኔም ጭምር፣ በተቅማጥ ተያዝን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የጠየቀችን አንድ ጥያቄ ነበር፦ «በረዶው ከምን ውሃ ነው የተሠራው?» መልስ አልነበረንም። እኔ በዲግሪ የተመረቅሁ ባለሙያ ሆኜ ይህን ሳልጠይቅ መጠጣቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ብዙ ሰው በረዶ የሆነ ነገር ንጹህ ይመስለዋል። ቅዝቃዜ ጀርሙን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። ታይፎይድን፣ ኮሌራንና ሌላውን ተቅማጥ የሚያመጡ ጀርሞች በረዶ ውስጥ ቆይተው፣ በረዶው ሲቀልጥ ከጁሱ ጋር ሆድ ይገባሉ። ኮሌራ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአገራችን በተለያዩ አካባቢዎች ተከስቶ ሰው መግደሉን ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ለመጠጥ የሚሆን በረዶም ሆነ ጁስ ማቅጠኛ ውሃ ሁልጊዜ የፈላ ወይም የታከመ መሆን አለበት።

ውሃው ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ግን 3 ደቂቃ ያስፈልገዋል። የቀበሌዎቻችን ከፍታ ስለሚለያይ ሁላችንም 3 ደቂቃ ብንይዝ ይሻላል። ከዚያ ተከድኖ ይቀዝቅዝ። ስትቀዱ አዘንብላችሁ ቅዱ እንጂ ኩባያ ውስጡ አትንከሩ፤ የተነከረው ኩባያና እጅ የፈላውን ውሃ መልሶ ያበላሸዋል። ማገዶ ካነሰ ውሃ አጋር መጠቀም ይቻላል፤ መጠኑንና የመቆያ ሰዓቱን ከጠርሙሱ ላይ አንብቡ።

ወተት የምትጨምሩ ከሆነ ወተቱም ይፍላ። ጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳንና የከብት ውርጃ በሽታን ወደ ሰው ያስተላልፋል፤ ቢቀዘቅዝም ያው ነው።

ስለ ዕቃው አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የፀረ ተባይ ወይም የፀረ አረም ጀሪካንና ጠርሙስ ምንም ያህል ቢታጠብ ለምግብ አይሆንም። በየቤቱ ስዞር አሁንም ውሃ ተሞልቶባቸው አያለሁ። ቀዳችሁ ጣሏቸው፤ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይጠቀምባቸው።

ፍራፍሬውን ከዛፍ እስከ ቢላዋ

መሬት ወድቆ የተፈረከሰ ወይም የፍራፍሬ ዝንብ የወጋው ማንጎ ለጁስ አይሆንም። «ይፈጫል፣ አይታወቅም» የሚባለው ስህተት ነው፤ ሽታውም ጣዕሙም ይቀራል። ማንጎን ጫፉ ላይ ከረጢት በታሰረበት ረጅም እንጨት ብታወርዱት አይቀጠቀጥም። አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ የሚለሰልሰው ከተለቀመ በኋላ ነው። ስትለቅሙ አጭር እንጥልጥሉን ተዉለት፤ ተጎትቶ የተነቀለው ከዚያው ቦታ መበስበስ ይጀምራል። ቶሎ እንዲለሰልስ ከፈለጋችሁ ከበሰለ ሙዝ ጋር አንድ ላይ ሸፍናችሁ አስቀምጡት፤ ሙዙ የሚያወጣው ጋዝ ያበስለዋል።

የሚላጥ ፍራፍሬ እንኳ ከመላጡ በፊት ይታጠብ። ቢላዋው በልጣጩ ላይ ያለውን አፈር ይዞ ወደ ሥጋው ይገባልና። እጅ በሳሙና፣ ቢላዋውና መክተፊያውም እንዲሁ። ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ ላይ ፍራፍሬ አይቆረጥም።

አቀዝቅዞ ማቆየት

ማንጎና ፓፓያ ተልጠው በትንንሹ ከተቆረጡ በኋላ ትሪ ላይ ሳይነባበሩ ፍሪዘር ውስጥ ይግቡ። ሲደርቁ ክዳን ወዳለው ዕቃ ይገልበጡ። በአንድ ጊዜ ከታጨቁ ተጣብቀው ድንጋይ ይሆኑና የምትፈልጉትን ያህል ማንሳት አትችሉም። ሙዝ ልጣጩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ እስኪወጣ ይብሰል፤ ከዚያ ተልጦ ይቆረጥ። ከነልጣጩ የቀዘቀዘ ሙዝ ልጣጩ ጠቁሮ ከሥጋው አልላቀቅ ይላል።

አቮካዶ ለብቻው ነው። ተቆርጦ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ የሎሚ ጭማቂ ግን ይህን ያዘገየዋል። ለሁለት አቮካዶ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምራችሁ በሹካ አድቅቁት፣ ትንንሽ ዕቃ ውስጥ እስከ አፉ ጠቅጥቃችሁ አየር ሳታስገቡ ክደኑት። እያንዳንዱ ዕቃ ለአንድ ጊዜ የሚበቃ ብቻ ይያዝ፤ አንዴ የቀለጠ ተመልሶ አይቀዘቅዝም።

የጁስ ወይም የውሃ ጠርሙስ ስታቀዘቅዙ ሁለት ጣት ያህል ጎዶሎ ተዉለት። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ሙሉ ብርጭቆ ጠርሙስ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው።

ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር የተቆረጠው ፍራፍሬ ለወራት ይቆያል። በአብዛኛው ቤት ያለው ግን ትንሿ የፍሪጅ በረዶ መያዣ ናት፤ እሷ ይህን ያህል ስለማትቀዘቅዝ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ተጠቀሙት።

አሠራሩ

ማንጎ፦ 1 ሊትር የማንጎ ሥጋ በወንፊት ወይም በጁስ መፍጫ ይድቀቅ። ግማሽ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ ይጨመርበት። ሰፊና ጎድጎድ ያለ ትሪ ላይ አፍስሳችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠርዙ መጠጠር ሲጀምር በሹካ ፍቃችሁ ወደ መሃል መልሱት፤ ይህን በየግማሽ ሰዓቱ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙ። የጁስ መፍጫ የሌለው ቤት የተፈጨ የሚመስል ልስልስ በረዶ የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ስኳሩ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በረዶው ትልልቅ እንዳይሆንና ጥርስ እንዳያስቸግር ያደርጋል። የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ግን ስኳሩን ተዉትና በበሰለ ሙዝ ተኩት፤ ፍራፍሬውም በራሱ ስኳር ስላለው ትንሽ ብርጭቆ ይብቃው።

አቮካዶና ሙዝ፦ አንድ የቀዘቀዘ አቮካዶ፣ ሁለት የቀዘቀዘ ሙዝ፣ አንድ ብርጭቆ የፈላና የቀዘቀዘ ወተት። በመፍጫ ሲመታ ያለ በረዶ ወፍሮ ይወጣል። በከተማ ጁስ ቤት ስፕሪስ እንደሚባለው ከማንጎው ጋር በብርጭቆ ደርባችሁ ማቅረብ ትችላላችሁ፤ ልጆች የሚወዱት ይህን ነው።

ዝንጅብልና ሎሚ፦ ጠምባሮ በዝንጅብሉ የታወቀ አገር ነው፤ የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ከመታው ወዲህ ብዙ ማሳ ቢቀንስም በየጓሮው ጥቂት አይጠፋም። አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ታጥቦ ይወቀጥና በ1 ሊትር ውሃ 10 ደቂቃ ይፍላ። ተጠልሎ ሲቀዘቅዝ የሦስት ሎሚ ጭማቂና ስኳር ወይም ማር ጨምራችሁ እንደ ማንጎው አቀዝቅዙ። ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። እኔ በግሌ ከሁሉም ይህን እመርጣለሁ፤ ውሃው ከመጀመሪያውም ፈልቷልና ሐሳብ የለበትም።

ፍሪጅ የሌለው ቤትስ?

ፍሪጅ ያለው ዘመድ ወይም ጎረቤት ቤት በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አስቀዝቅዙ። በረዶውን ሰባብራችሁ ባልዲ ውስጥ ጨምሩ፤ ሦስት እጅ በረዶ ላይ አንድ እጅ ተራ ጨው ቀላቅሉበት። ጨው በረዶውን እያቀለጠ ቅዝቃዜውን ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ ያወርደዋል። ጁሱን ክዳኑ በሚገጥም ትንሽ የብረት ድስት አድርጋችሁ መሃሉ ላይ ቅበሩትና ድስቱን እያዟዟራችሁ፣ አልፎ አልፎ ከፍታችሁ በማንኪያ ጠርዙን እየፋቃችሁ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቆዩ። ይህ በረዶ ጁሱን ስለማይነካ ያልፈላ ውሃ ቢሆንም ችግር የለውም፤ ክዳኑን ስትከፍቱ ግን የጨው ውሃው እንዳይገባ ዙሪያውን ጥረጉት።

ይህም ካልተቻለ ጁሱን በተከደነ ጠርሙስ አድርጋችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉና ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ሥር አስቀምጡ። በረዶ አይሆንም፤ ይቀዘቅዛል። እንስራ ውሃን እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ ታውቃላችሁ፤ ነገሩ አንድ ነው። በዚህ መንገድ የቀዘቀዘ ጁስ በዚያው ቀን ይጠጣ፤ ለነገ አይደር።

መብራት ሲጠፋ

ሙሉ ፍሪዘር በሩ ሳይከፈት እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ እስከ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ትንሿ የፍሪጅ በረዶ መያዣ ይህን ያህል አትቆይም። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ «ቀልጦ ይሆን?» እያሉ በየጊዜው መክፈት ራሱ ያቀልጠዋል።

እናንተ በሌላችሁበት ሌሊት ጠፍቶ ቢመጣስ? አንድ ኩባያ ውሃ በረዶ አድርጉና ላዩ ላይ ሳንቲም አስቀምጣችሁ እዚያው ተዉት። ሳንቲሙ ላዩ ላይ ካለ ፍራፍሬው አልቀለጠም። ታች ሰምጦ በረዶ ከሸፈነው ግን ሁሉም ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ነው፤ ለከብት ወይም ለኮምፖስት ይሁን እንጂ ለልጅ አይሰጥም።

መሸጥ ለምትፈልጉ

በገበያ ቀን ለመሸጥ ያሰባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ምክሬ ፍሪዘር በብድር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ በጋ ለቤተሰብ ብቻ ሠርታችሁ ሞክሩ ነው። የስኳሩን፣ የመብራቱን፣ የማገዶውን፣ የጠፋውንና የተደፋውን ሁሉ በደብተር መዝግቡ፤ ፍራፍሬውንም ከጓሮ ነው ብላችሁ በነፃ አትቁጠሩት፣ ማሳ ላይ የሚሸጥበትን ዋጋ ያዙለት። ለሕዝብ ምግብና መጠጥ መሸጥ ፈቃድና የጤና ምርመራ ይጠይቃልና አስቀድማችሁ የጤናና የንግድ ጽሕፈት ቤቶችን ጠይቁ።

ለተግባር ልምምዱ

በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉ በሚደረገው ልምምድ እያንዳንዱ ቤተሰብ ባልና ሚስት አብረው ይምጡ፤ ፍራፍሬውን የሚለቅመውና ጁሱን የሚያዘጋጀው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። አምስት የበሰለ ማንጎ ወይም ሦስት የለሰለሰ አቮካዶ፣ ሁለት ሎሚ፣ ክዳን ያለው ዕቃና አፍልታችሁ ያቀዘቀዛችሁትን 2 ሊትር ውሃ ያዙ። በረዶ ከየትም ገዝታችሁ እንዳታመጡ፤ ከፈላ ውሃ የሠራነውን እኛ እናቀርባለን።