የሕግ ምክር፦ ነፃ ማንዋል አሳትሞ መሸጥ ይቻላል?

ጎንደር ውስጥ በዩኒቨርሲቲው ካምፓሶች ዙሪያ ከተደረደሩት ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚወጣ ጥራዝ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከምዕራፍ አንድ ነው። የርዕሱ ገጽ፣ የአዘጋጆቹ ስም ዝርዝርና በደቃቅ ፊደል የታተመው የመብት ማስታወቂያ ይዘለላሉ። ሥራው በገጽ የሚከፈልበት ስለሆነ ሁለት ሦስት ገጽ መቀነስ ለደንበኛ የተዋለ ውለታ ይመስላል። በነፃ ፈቃድ በወጣ የሶፍትዌር ማንዋል ላይ ግን ይህ ውለታ ዕዳ ያመጣል። ማባዛቱን ሕጋዊ የሚያደርገው ያ የተዘለለው ገጽ ነውና።

ጉዳዩ ለከተማዋም ለሰሜን ጎንደር ደጋም ሩቅ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር የአገሪቱን የጤና ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚለማ ክፍት ሶፍትዌር ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከሚኒስቴሩ ጋር በመሆን በጤና መረጃ ሥራ የባለሙያዎችን አቅም ከሚገነቡት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። የሶፍትዌሩ ማንዋል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም ሰነድ ነው። መግቢያው ላይ ግን ማንም ሰው በጂኤንዩ ነፃ የሰነድ ፈቃድ፣ እትም 1.3 ወይም ከዚያ በኋላ በሚወጣ እትም መሠረት ሊያባዛው፣ ሊያሰራጨውና ሊያሻሽለው እንደሚችል ሰፍሯል። እንበልና በዳባት የሚሠራ አንድ የጤና መረጃ ባለሙያ ለሥራ የሚያስፈልጉትን ምዕራፎች ወደ አማርኛ መልሶ፣ ፒያሳ አካባቢ አሳትሞ፣ ከደባርቅ እስከ አዲ አርቃይ ላሉ ባልደረቦቹ ሊሸጥ አሰበ። ፈቃድ የሚጠይቀው ማንን ነው?

ማንንም አይጠይቅም፤ ቀድሞ ተፈቅዶለታል። መሸጡም ተፈቅዷል።

ምክንያቱ ከሕጉ አሠራር ይመነጫል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ አንድ ሥራ ወጥ ሆኖ ከተቀረጸ ወይም ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ ጥበቃ ይሰጠዋል። ምዝገባም ሆነ ማኅተም አያስፈልግም። ማባዛት፣ መተርጎም፣ ማሻሻልና ቅጂዎችን ለሕዝብ ማሰራጨት በአንቀጽ 7 ለባለመብቱ ብቻ የተሰጡ ናቸው። ስለዚህ ምንም ማስታወቂያ የሌለበትን ማንዋል ማባዛት የተከለከለ ነው፤ ዝምታ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም። ነፃ ፈቃድ ይህን አጥር አያፈርሰውም። ባለመብቱ በሩን በጽሑፍ ከፍቶ የመግቢያውን ደንብ በሩ ላይ ለጥፏል። ደንቡን የጣሰ ሰው ፈቃዱ ይቋረጥበትና ያለ ፈቃድ እንዳባዛ ሰው ይሆናል። የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 በነፃ የተለቀቀ የሶፍትዌር ኮድን በሚመለከት ክርክር የሰጠው ውሳኔም ወደዚሁ ያመራል። እንዲህ ያለውን ሁኔታ መጣስ ከውል መጣስ አልፎ የቅጂ መብት ጥሰት ሊሆን እንደሚችል ወስኗል። ውሳኔው የኢትዮጵያን ዳኛ አያስገድድም፤ የፈቃዱን ባሕርይ ግን በደንብ ያሳያል።

የጂኤንዩ ፈቃድ ማንዋሉን እንዳለ ለሚያባዛ ሰው የሚጠይቀው ጥቂት ነው። የመብት ማስታወቂያው፣ ሰነዱ በዚህ ፈቃድ መውጣቱን የሚገልጸው ቃልና የፈቃዱ ሙሉ ጽሑፍ በእያንዳንዱ ቅጂ ውስጥ መኖር አለባቸው። አባዢው የራሱን ተጨማሪ ገደብ አይጥልም። «ይህን ጥራዝ ማባዛት ክልክል ነው» የሚል ማኅተም መምታት፣ ወይም ፋይሉን እንዳይገለበጥ ቆልፎ መሸጥ ፈቃዱን ይጥሳል። ዋጋውን ግን ሻጩ እንዳሻው ይወስናል።

ቁጥሩ ከ100 ሲያልፍ አንድ ግዴታ ይጨመራል። ከ100 ቅጂ በላይ በወረቀት የሚያሳትም ሰው ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር በኮምፒውተር ሊስተካከል የሚችል ፋይል መስጠት፣ ወይም ፋይሉ ሁሉም ሰው ሊደርስበት የሚችል የኢንተርኔት አድራሻ በጥራዙ ላይ ማተም ይጠበቅበታል። አድራሻውን ከመረጠ የመጨረሻው ቅጂ ከተሰራጨ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ፋይሉ እዚያው እንዲቆይ ማድረግ አለበት። ፈቃዱ ሁለቱንም ይቀበላል፤ የአካባቢው ሁኔታ ግን ወደ አንዱ ይገፋል። ከሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የተጻፈ አድራሻ ለጃናሞራ አንባቢ ምንም አይፈይድለትም። ፋይሉን በፍላሽ ወይም በሲዲ አብሮ መስጠት ግዴታውን በእጅ በእጅ ይዘጋዋል።

ትርጉም ሲመጣ ሥራው ይበዛል። የዳባቱ ባለሙያ ምዕራፍ መርጦ ወደ አማርኛ ሲመልስ የተሻሻለ ሰነድ እያወጣ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው አሳታሚ ካልፈቀደለት በቀር የጥራዙ ርዕስ ከዋናው የተለየ መሆን አለበት። የርዕሱ ገጽ ላይ የተርጓሚውን ስም ከዋናው ሰነድ ዋና ዋና ደራሲዎች መካከል ቢያንስ ከ5ቱ ስም ጋር ያሰፍራል፤ ከ5 ካነሱ የሁሉንም። የቀድሞውን የመብት ማስታወቂያ ሳይነካ የራሱን ከጎኑ ይጨምራል። ሰነዱ መቼ፣ በማን፣ በምን ርዕስ እንደወጣ የሚናገር የታሪክ ክፍል ያካትታል። የፈቃዱን የአማርኛ ትርጉም ማስገባት ይችላል፤ እንግሊዝኛው ግን አብሮ መታተም አለበት፤ ሁለቱ ቢጋጩ የሚጸናውም እንግሊዝኛው ነው። አንዳንድ ማንዋሎች «የማይለወጡ» ተብለው የተለዩ ክፍሎች አሏቸው። እነዚህን በትርጉም ለመተካት የባለመብቱ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዋናውን ሳያስወግዱ ትርጉሙን ማከል ግን ይቻላል።

ትርጉሙስ የማን ነው? አዋጁ ትርጉምን ከዋናው ሥራ መብት ሳይቀንስ ራሱን ችሎ ይጠብቀዋል። ስለዚህ አማርኛው የተርጓሚው ሥራ ነው፤ ሲያሰራጨው ግን በዚያው ነፃ ፈቃድ ማውጣት ግድ ይለዋል። ጎንደር ያለ ሌላ ማተሚያ ቤት ነገ ያንኑ ትርጉም አትሞ በቅናሽ ቢሸጥ፣ ደንቡን እስካከበረ ድረስ ተርጓሚው ሊከለክለው አይችልም። በትርፉ ላይ ተስፋ የሚጥል ሰው ይህን ከወዲሁ አስልቶ ይግባ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ሦስተኛ ወገን አለ፤ አሠሪው። በአዋጁ መሠረት ሠራተኛ በሥራ ግዴታው ያፈለቀው ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር ወይም የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ በሥራ ትእዛዝ የተረጎመውን በግሉ ነፃ ፈቃድ ለጥፎ ማውጣት አይችልም። ፈቃዱን የሚሰጠው ባለመብቱ ነው። በአንቀጽ 8 የተጠበቀው የሞራል መብት፣ በተለይም በስም የመጠራት መብት፣ ግን ከተርጓሚው ጋር ይቆያል። ከተቋሙ ኃላፊ አንዲት የፊርማ ደብዳቤ አስቀድሞ መቀበል ከዓመታት ክርክር ታድናለች።

ሁሉም ነፃ ማንዋል በአንድ ፈቃድ አይወጣም። የሊብሬኦፊስ የተጠቃሚ መመሪያዎች ጂፒኤል በተባለው የጂኤንዩ የሶፍትዌር ፈቃድ እትም 3 ወይም ክሪኤቲቭ ኮመንስ ከተባሉት ፈቃዶች «ስም መጥቀስ» በሚለው፣ አንባቢው በመረጠው ይወጣሉ። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው የደራሲዎቹን ስም፣ የፈቃዱን ስምና አድራሻ ጠቅሶ፣ ለውጥ ካደረገም ማድረጉን ተናግሮ መሸጥ ይችላል፤ ትርጉሙን በዚያው ፈቃድ እንዲያወጣ አይገደድም። የኡቡንቱ ሰነዶች የወጡበት ሌላው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ግን «በተመሳሳይ አጋራ» ይላል፤ ተርጓሚውም ትርጉሙን በዚያው ያወጣል። የአማርኛ ዊኪፔዲያ ጽሑፍ በአብዛኛው በዚህ ዓይነቱ ፈቃድም በጂኤንዩ ነፃ የሰነድ ፈቃድም የወጣ ነው፤ በ«ተመሳሳይ አጋራ» ፈቃድ ብቻ የወጣ አንቀጽ ግን በጂኤንዩ ፈቃድ ከወጣ ማንዋል ጋር ተቀላቅሎ አንድ ሰነድ ሊሆን አይችልም። ሁለቱም «በእኔ ብቻ» ይላሉና።

ከሁሉም በላይ የሚያደናግረው «ለንግድ ያልሆነ» የሚል ቃል ያለበት የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነው። እንዲህ ያለውን ማንዋል አትሞ መሸጥ አይቻልም። ታዲያ ተማሪ ይዞት ሲመጣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በገጽ እያስከፈለ ቢያባዛለት ጥፋተኛ ይሆናል? ይህ ጥያቄ አሜሪካ ውስጥ ተፈትኗል። ግሬት ማይንድስ የተባለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት የሒሳብ ማስተማሪያውን በዚህ ዓይነት ፈቃድ ለቀቀ፤ ትምህርት ቤቶች ፌዴክስ ሱቅ ወስደው በክፍያ አስባዙት፤ ድርጅቱ ፌዴክስን ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2018 የኒውዮርኩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክሱን አልተቀበለም። የፈቃዱ ተጠቃሚ ትምህርት ቤቱ ነው፣ ማባዣ ቤቱ በእሱ ትእዛዝ የሚሠራ እጅ ነው አለ። በ2019 ሌላ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በኦፊስ ዴፖ ላይ በቀረበ ተመሳሳይ ክስ እዚያው ላይ ደረሰ። በጎንደር ማራኪ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ከዚህ የሚወስደው መስመር ግልጽ ነው። ተማሪው አምጥቶ ሲያዝዝ ማባዛት አንድ ነገር ነው፤ በራስ ተነሳሽነት 50 ጥራዝ አዘጋጅቶ መደርደሪያ ላይ መሸጥ ግን ራሱ ንግድ ነው።

«ትርጉም ወይም ማሻሻያ አይፈቀድም» የሚል ምልክት ያለበትን ማንዋል በአማርኛ ማሰራጨት ደግሞ ባለመብቱን ሳይጠይቁ አይሞከርም።

ስም የሚጠቀሰው የት ነው ለሚለው አንድ የዋሽንግተን ዳኛ እ.ኤ.አ. በ2015 የሰጡት ውሳኔ ይጠቅማል። አንድ የካርታ አሳታሚ በነፃ ፈቃድ የወጣ ፎቶ በአትላሱ የፊት ሽፋን ላይ ተጠቅሞ የፎቶ አንሺውንና የፈቃዱን ስም ከኋላ ሽፋኑ ላይ አሰፈረ። ፎቶ አንሺው ከሰሰ፤ ተሸነፈም። ለአንባቢ በሚታይና ለነገሩ በሚመጥን ቦታ መጻፉ በቂ ሆኗል። ሽፋንን በተመለከተ ሌላም ጥንቃቄ አለ። የሰነድ ፈቃድ የንግድ ምልክትን አይጨምርም። የኡቡንቱን ወይም የሊብሬኦፊስን አርማ አጉልቶ፣ ጥራዙን ከባለቤቶቹ የወጣ ማስመሰል በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ስለ ምን ሶፍትዌር እንደሆነ በተራ ጽሑፍ መግለጽ ግን አያስከለክልም። ፊደሉ አያሳስብም። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው የግዕዝ ፎንት በክፍት የፎንት ፈቃድ የወጣ ስለሆነ በእሱ የተጻፈ ጥራዝ ለፎንቱ ምንም ሳይከፈል ሊሸጥ ይችላል።

ጠበቃ ፊት የሚነሳ አንድ መከራከሪያ አለ። የአዋጁ አንቀጽ 3 በዋናነት የሚጠብቀው የኢትዮጵያውያንን ወይም ዋና መኖሪያቸው እዚህ የሆነ ሰዎችን ሥራ፣ እንዲሁም መጀመሪያ በኢትዮጵያ ወይም በውጭ ከወጣ በ30 ቀን ውስጥ እዚህ የታተመን ሥራ ነው። ኢትዮጵያም የቅጂ መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ከሆነው የበርን ስምምነት ውጭ ለረጅም ዘመን ቆይታለች። ታዲያ የኦስሎው ማንዋል እዚህ ጥበቃ ከሌለው ደንቡን ማክበር ለምን ያስፈልጋል? በዚህ መከራከሪያ ላይ የሕትመት ሥራ መገንባት አደገኛ ነው። አንቀጹ ኢትዮጵያ የምትገባባቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች በር ከፍቶ ይጠብቃል። ፋይሉ ኢንተርኔት ላይ በወጣ ቅጽበት ወይም ጥራዙ ለዳያስፖራ በተላከ ጊዜ የሌላ አገር ሕግ ሥር ይገባል። ከዚህም ሌላ፣ ከተርጓሚዎቹ መካከል ኢትዮጵያዊ ካለ የእሱ ድርሻ ያለ ጥርጥር እዚህ የተጠበቀ ነው።

ስህተት ቢፈጠር መፍትሔ አለ። የክሪኤቲቭ ኮመንስ እትም 4.0 ፈቃድ ጥሰቱ በታወቀ በ30 ቀን ውስጥ ከታረመ በራሱ ተመልሶ ይጸናል። የጂኤንዩ እትም 1.3ም ለመጀመሪያ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ለደረሰው ሰው 30 ቀን ይሰጣል። ደብዳቤ የደረሰው አሳታሚ ሽያጩን አቁሞ፣ የጎደለውን ገጽ አሳትሞ ባልተሸጡት ላይ አጣብቆ፣ ማረሙን በጽሑፍ ያሳውቅ። ሆን ብሎ የቅጂ መብት መጣስ በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። በፍትሐ ብሔር በኩልም አዋጁ በ1996 ሲወጣ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100 ሺህ ብር እንዳያንስ ደንግጓል።

የዳባቱ ተርጓሚ በተራው ስሙ ተፍቆ ጥራዙ ሲሸጥ ቢያገኝስ? ነፃ ፈቃድ መስጠቱ የመክሰስ መብቱን አላስቀረውም፤ ስም መፋቁ ፈቃዱንም አንቀጽ 8ንም ይጥሳል። ለዚያ ቀን የትርጉሙን ረቂቅ ፋይሎች ከነቀናቸው፣ የማተሚያ ቤቱን ደረሰኝና የመጀመሪያውን ኅትመት አንድ ቅጂ ያስቀምጥ። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብ ለመብቱ መኖር ግዴታ ባይሆንም ለማስረጃነት ይረዳዋል።

ክስ ከመመሥረቱ በፊት ለሻጩ የጎደለውን ገጽ ለይቶ የሚገልጽና የማረሚያ ጊዜ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ መላክ ይመከራል። ከዚያ በኋላ ሻጩ ሽያጩን ከቀጠለ፣ ከማስጠንቀቂያው ወዲህ የተገዛ አንድ ቅጂ ከነደረሰኙ ሆን ብሎ መፈጸሙን ለማስረዳት ይጠቅማል።