ባሏን የማትመስለው ቢራቢሮ

ቢራቢሮን ብዙዎቻችን ከጌጥ አሻግረን አናየውም። ለወፍ ግን ምሳ ነው።

ከዚህ ለመዳን አንዳንዱ መራራ ሆኗል። አባጨጓሬ ሳለ ነጭ ወተት የሚያፈሱ መርዛም ተክሎችን ይበላና መርዙን በገላው ያኖራል። የቀመሰው ወፍ ያስመልሰዋል፤ ዳግመኛ ያንን ቀለም ያየ እንደሆነ አይጠጋም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ቤትስ በአማዞን ደን 11 ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1862 እንዳስረዳው፣ መርዝ የሌላቸውም የመርዛሞቹን ልብስ ለብሰው ያመልጣሉ።

የኛው አህጉር ምሳሌ ግን ከዚያም ይበልጣል። ፓፒሊዮ ዳርዳነስ የሚባለው ቢራቢሮ ወንዱ ቢጫ፣ ጠርዙ ጥቁር፣ በኋላ ክንፉ ጭራ ያለው ነው። ሴቷስ? በአብዛኛው አፍሪካ ጭራ የላትም። አንዷ ጥቁርና ነጭ፣ ሌላዋ ጥቁርና ብርቱካንማ ሆና እያንዳንዷ አንድ መርዛም ቢራቢሮ ትመስላለች። በኬፕ ታውን ይሠራ የነበረው ሮላንድ ትራይመን እ.ኤ.አ. በ1869 ባሳተመው ጥናት፣ እንደ ልዩ ልዩ ዝርያ ሲቆጠሩ የኖሩት ሁሉ የአንድ ወንድ ሚስቶች ናቸው አለ። ሁሉም አልተቀበለውም። ኋላ ከአንዲት እናት እንቁላል የተለያዩ ሴቶች ሲፈለፈሉ ክርክሩ አበቃ።

ለምን ሁሉም አንድ ዓይነት አልሆኑም? አስመሳይ ሲበዛ ወፉ ደጋግሞ የሚጣፍጠውን ያገኝና ቀለሙን መፍራት ይተዋል። ብርቅ የሆነችው ትተርፋለች።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ማረም እወዳለሁ። «ነፍሳት ብልሃት ፈጥረው ራሳቸውን ለወጡ» ሲባል እንሰማለን፤ ተማሪ ሳለሁ እኔም እንዲሁ ጽፌአለሁ። ቢራቢሮዋ ምንም አላሰበችም። ቀለሟን የሚወስነው ከወላጆቿ የወረሰችው ጂን ነው (ያ የምንሸሸው ጅን ትዝ እንዳይላችሁ!)። መራጩ ወፉ ነው፤ ያልመሰለችውን ይበላል፣ የመሰለችው ትወልዳለች።

የኢትዮጵያው ዘር እ.ኤ.አ. በ1882 ሸዋ ውስጥ በሞተው ጣሊያናዊ አሳሽ በአንቲኖሪ ስም ይጠራል። አብዛኞቹ ሴቶች ወንዱን ይመስላሉ። መርዛም የሚመስሉት ጥቂቶቹም ጭራቸውን አልጣሉም፤ መርዛሞቹ ግን ጭራ የላቸውም። እንግሊዛውያኑ ክላርክና ሼፐርድ ልዩ ልዩ ዘሮችን አዳቅለው ቀለሙና ጭራው በተለያየ ጂን እንደሚወረሱ አሳዩ። የኛዋ ልብሷን ለውጣ ጫማዋን የረሳች ትመስላለች።