በእድሜ ገፍቶ ረጅም መንገድ በሳይክል ለመሄድ እንዴት መዘጋጀት ይቻላል?

የዛሬው ትምህርት ስለ ሳይክል ነው። «እኛን ከሳይክል ምን አገናኘን?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን እዚህ ኦብሑር የምንሠራ ሁሉ በባሕሩ ዳር ሳይክል የሚነዱትን እናያለን፤ ሽበት ያላቸውም ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ የሚለማመዱት ለበጎ አድራጎት ጉዞ ነው። ሰውየው «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ» ብሎ ቃል ይገባል፣ ወዳጅ ዘመድ ደግሞ በዚያ ቃል ገንዘብ ይሰጣል፣ ገንዘቡ ለችግረኛ ይውላል። በ2017 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት) ከለንደን ተነስተው ሐጅ ለማድረግ እስከ መዲና የተጓዙ የእንግሊዝ አገር ሙስሊሞች ለሶርያ ሕክምና ገንዘብ ያሰባሰቡት እንዲህ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሱኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ የምሠራበት ቤት ማማ ከቢራ ናት። 61 ዓመቷ ነው፤ ከአገር ውጭ በሁለት ቀን 120 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ተመዝግባለች። አሰልጣኙ እቤት እየመጣ ሲያስረዳት እኔ ሻይ እያቀረብኩ ሰማሁ፣ በኋላም የውሃዋም የምግቧም የሰዓቷም ኃላፊ እኔው ሆንኩ። ሁለተኛዋ ከእኛው መካከል ያለች እህታችን ናት። 52 ዓመቷ ነው፣ ሀያ ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። ኮንትራቷን ጨርሳ ባሕር ዳር ስትገባ ሳይክል ልትይዝ አስባለች። «እድሜዬ አልፏል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አላለፈም። ፈረንሳዊው ሮበር ማርሻን በ1911 ተወለዱ። እንደኛው ሰው አገር ሠርተዋል፤ ቬንዙዌላ የጭነት መኪና ነድተዋል፣ ካናዳ ደን ውስጥ እንጨት ቆርጠዋል። ወደ ሳይክል በደንብ የተመለሱት 70 ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ነው። በ2012 በመቶ ዓመታቸው በአንድ ሰዓት 24.251 ኪሎ ሜትር ሄዱ። በ2014 በ102 ዓመታቸው ደግሞ 26.927። ልብ በሉ፣ ጨመሩ እንጂ አልቀነሱም! በመሃል ተመራማሪዎች ልምምዳቸውን አስተካክለውላቸው ነበር። በዓመት 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዱ ከአምስት እጅ አራቱን ቀለል አድርገው፣ አንዱን እጅ ብቻ ጠንከር አድርገው ነበር። ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ በ13 ከመቶ አደገ። በ2021 በ109 ዓመታቸው አረፉ።

የእኛም አገር ለሳይክል ባዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። እዚህ አገር ግን ሴት ልጅ ሳይክል መንዳት የተፈቀደላት በ2013 ነው፤ ያውም በመዝናኛ ቦታ፣ ተሸፍና፣ ከወንድ ዘመድ ጋር። በ2018 ጂዳ ውስጥ የሴቶች ብቻ ውድድር ተደረገ። ማማ ከቢራ በልጅነቷ የወንድሞቿን ሳይክል በግቢ ውስጥ ተደብቃ ትነዳ እንደነበር ነግራኛለች።

አሁን ወደ ዝግጅቱ እንግባ።

መጀመሪያ ሐኪም ነው። እድሜዋ ከ40 በላይ ሆኖ ለዓመታት ስፖርት ያልሠራች ሰው ደም ግፊቷን፣ ስኳሯንና ልቧን ሳትታይ ፔዳል መርገጥ የለባትም። «እኔ ቀኑን ሙሉ ስሠራ ነው የምውለው፣ ስፖርት ምን ያደርግልኛል?» የምትል አለች። የእኛ ሥራ መቆም፣ ማንሳት፣ ተንበርክኮ መፈግፈግ ነው። ያደክማል እንጂ ልብና ሳንባን ለረጅም መንገድ አያዘጋጅም። እንዲያውም መንበርከኩ ጉልበትን ይጎዳል። ደግነቱ ሳይክል የሰውነትን ክብደት ኮርቻው ስለሚሸከመው ከሩጫ ይልቅ ለጉልበት ይቀላል።

ይቀላል ስል ግን ኮርቻው በልክ ከሆነ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በእግራችሁ ፊተኛ ክፍል ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ እንደታጠፈ ይቀራል፤ ልኩ ይሄ ነው። ጉልበት ከፊት በኩል ካመመ ብዙ ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፣ ከኋላ በኩል ካመመ ከፍ ብሏል። ማማ ከቢራ አንድ ወር ሙሉ ጉልበቷን ቅባት ስታሻሽ ከርማ አሰልጣኙ ኮርቻውን ሁለት ጣት ያህል ከፍ ቢያደርገው ተሻላት። ማርሹንም ቀላሉን ይዞ ቶሎ ቶሎ ማሽከርከር ከባዱን እየታገሉ ከመርገጥ ይሻላል።

ልምምዱ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። ሁለቱ አጭር፣ አንዱ ረጅም ነው። ረጅሙን በየሳምንቱ ከአሥር እጅ አንድ ያህል እየጨመሩ መሄድ፣ በየአራተኛው ሳምንት ደግሞ መቀነስ። በእድሜ የገፋ ሰውነት ድካም ቶሎ አይለቀውም፤ ከጠንካራ ልምምድ በኋላ ሁለት ቀን መስጠት ነው። ቀለል ያለ ልምምድ የሚታወቀው ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ሲቻል ነው። ጡንቻም ከእድሜ ጋር ስለሚቀንስ በሳምንት ሁለት ቀን ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ማለት ያስፈልጋል፤ አሥር ጊዜ፣ እረፍት፣ ደግሞ አሥር ጊዜ። ይሄንን እኔም ከማማ ጋር እሠራዋለሁ። ከጉዞው ቀን በፊት የጉዞውን ሦስት አራተኛ አንድ ጊዜ ከሄዱ በቂ ነው፣ የመጨረሻው ሳምንት ለእረፍት ይሁን።

የሚቀመጡበት ቦታ ስለሚላጥ ስፖንጅ ያለውን የሳይክል ቁምጣ ከውስጥ ልብስ ሳይለብሱበት ማድረግና ቫዝሊን መቀባት ነው። ከላይ ሰፊ ልብስ መደረብ ይቻላል፤ ሰንሰለቱና ጎማው እንዳይዘው ብቻ ተጠንቀቁ። ስለ ሄልሜት ብዙ አልልም፤ ያለሱ አይወጣም።

ምግብ ላይ እኛ ሀብታሞች ነን። አሰልጣኙ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ አዘዘ፤ አንድ ሙዝና ሁለት ተምር ያህል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ከአገር የተላከልኝን በሶ በማርና በትንሽ ጨው ለውሼ፣ አድቦልቡዬ በላስቲክ ጠቀለልኩላት። «ይሄ ምንድን ነው?» አለች፣ ከዚያ ወዲህ ያለሱ አትወጣም። ድሮ መንገደኛ የሚሰንቀው ስንቅ እኮ ነው! ቆሎ ግን እየነዱ አይሆንም፣ ያንቃል።

ውሃ በሰዓት ግማሽ ሊትር፣ በሙቀት ጊዜ ከዚያ በላይ። ጨው የሌለው ውሃ ብቻ ያለ ልክ መጠጣትም አደጋ አለው፣ የደም ጨው ይቀንሳል። የጂዳ አየር እርጥበት ስላለው ላብ አይደርቅም፣ ላብ ካልደረቀ ሰውነት አይበርድም። ለዚህ ነው የምትወጣው ከንጋት በፊት። አዲስ ሙቀት ለመልመድ አሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ወደ አገር ለምትገቡ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ኦብሑር ባሕር ጠለል ላይ ነው፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ፤ ቀስ በሉ።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር። እዚህ አገር ለእርዳታ ገንዘብ መሰብሰብ የሚችለው ፈቃድ ያለው ድርጅት ብቻ ነው። ማማ ከቢራ የተመዘገበችው በድርጅት በኩል ነው። እኛ በራሳችን ወረቀት አዙረን ወይም በስልክ መልእክት ልከን «ለሳይክል ጉዞ አዋጡ» ብንል ያስጠይቀናል፣ ኢቃማችንም አደጋ ላይ ይወድቃል። አዛውንት ስትሸኙ መዝገብ ያዢ ብትባሉ እንኳ ገንዘብ በእጃችሁ አይግባ።

በመጨረሻ አብሮ ለሚወጣ ሰው። ባለፈው መስከረም ማማ ከቢራ 40 ኪሎ ሜትር ነድታ ስትመለስ በዚያ ሙቀት ቆዳዋ ጉጥ ጉጥ ብሎ «በረደኝ» አለች፣ የልጇንም ስም አሳሳተች። ይህ የሙቀት ሕመም ምልክት ነው። ጥላ ውስጥ አስተኝተን፣ አንሶላ በውሃ ነክረን አልብሰን አራገብንላት፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ አእምሮዋ ተመለሰ። አእምሮ ሲሳሳት ግን እያቀዘቀዙ ወዲያውኑ አምቡላንስ መጥራት ነው። ደረት ላይ ጫና፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ራስ መሳት ከታየ አትጠብቁ፣ አሠሪ እስኪመጣም አትበሉ። የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ 997 ነው፣ ጂዳና መካ 911ም ይሠራል። የሰፈሩንና የመንገዱን ስም በዓረብኛ በወረቀት ጽፋችሁ ከውሃው ጠርሙስ ጋር ያዙ።