ቅጠሉ የት ይሄዳል?

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ ሚኒያፖሊስ። ወጣቱ ከደጁ የጠረገውን ቅጠል በእግሩ እየገፋ ወደ አስፋልቱ ፍሳሽ መውረጃ ሲከት አጎቱ ደረሱበት። በጉልምስናቸው አርሲ ውስጥ ገበሬውን ከዳፕና ከዩሪያ ማዳበሪያ ጋር ያስተዋወቁ የግብርና ሠራተኛ ነበሩ።

«ተው አንተ! እዚያ አይጣልም።»

«ጋሼ፣ ቅጠል እኮ ነው። ይበሰብሳል።»

«መበስበሱ ነው ችግሩ። ይህ ቱቦ ማጣሪያ አያውቅም፤ በቀጥታ ሚሲሲፒ ውስጥ ይገባል። ሚሲሲፒ ደግሞ ማረፊያው የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ነው።»

ልጁ ሳቀ። ባሕሩ በወንዙ መንገድ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሽማግሌው ግን ጎንበስ ብለው አንድ እፍኝ የረጠበ ቅጠል አንሥተው ጨመቁት። ሻይ የመሰለ ውሃ ተንጠባጠበ።

«ይኸው፣ ፎስፈረስ አለበት። ለአልጌ ምግብ ነው።»

«ምግብ ከሆነ ታዲያ ምን ይጎዳል?»

ደህና ጥያቄ ነው፤ ብክለት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን መርዝ ነውና። የዚህ ባሕር ሕመም ግን ከጥጋብ የመጣ ነው። ከበቆሎና ከአኩሪ አተር ማሳ ታጥቦ የሚወርደው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ባሕር ሲደርስ አልጌው ያለ ልክ ይባዛል። ሞቶ ሲሰምጥ ባክቴሪያ ያብላላዋል፤ ሲያብላላውም የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። በሞቃቱ ወራት ጨው ያነሰው የወንዝ ውሃ ከላይ እንደ ክዳን ስለሚገጥም አዲስ አየር ወደ ታች አይወርድም። ዓሣው ይሸሻል፤ መሸሽ የማይችለው እዚያው ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይህ ሕይወት አልባ ቀጠና 22,700 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሶ ነበር፤ በ1985 ልኬቱ ከተጀመረ ወዲህ ያን ያህል ሰፍቶ አያውቅም።

«ይህን ሁሉ የእኔ ቅጠል አመጣው?»

«አልዋሽህም፣ የሚበዛው ከእርሻ ነው። ከተማም ድርሻ አለው እንጂ። ለዚህ ነው ሚኒሶታ ፎስፈረስ ያለበትን የግቢ ሣር ማዳበሪያ ከ2005 ጀምሮ በመላው ግዛቷ የገደበችው።»

«ገበሬውንስ?»

«በ2015 የወጣው ሕግ በወንዝና በሐይቅ ዳር በአማካይ 15 ሜትር ያህል ሣር እንዲተው ያዝዛል። አፈሩንና ፎስፈረሱን ያስቀራል። ናይትሬቱ ግን ብልጥ ነው። እዚህ አገር ማሳው እንዳይረግረግ ከሥሩ ቱቦ ይቀበራል፤ በዚያ ሾልኮ፣ ሣሩን ከበታች አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ አዝመራው ከተነሣ በኋላ መሬቱን ራቁቱን ላለመተው ሌላ ሰብል መዝራት፣ ማዳበሪያውንም ተክሉ በሚፈልግበት ሰዓት መስጠት ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ በአብዛኛው ለገበሬው ፈቃድ የተተወ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ።

«እኔም አርሲ ሳለሁ ‹ጨምሩበት› እል ነበር። የተረፈው የት እንደሚሄድ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም።»

ልጁ የወረቀት ከረጢት አመጣ። ተንበርክኮ በፍርግርጉ መካከል እጁን ሰደደ። የላይ የላዩን አወጣ፤ የታችኛውን ውሃው ወስዶት ነበር።